ቆጵሮስ ቅርብ ነው

አመለወርቅ ውሻ ጠልታ አታውቅም፤ ወድዳም አታውቅም። ባደገችበት በወገራ ውሻ የደጅ ነው። ማታ ጅብ ሲመጣ ይጮኻል፣ ቀን የተረፈውን ይበላል፤ ከዚያ ወዲያ አልጋ ተነጥፎለት፣ ስሙ እየተቆላመጠ ሲጠራ ያየ የለም። ስለዚህ ልጇ ንብረት ረቡዕ ወደ ማታ አንድ ቡናማ ውሻ ከነፍራሹ፣ ከነፎጣው፣ ከነምግብ ከረጢቱ ይዞ ረሆቮት፣ ክርያት ሞሼ ሰፈር፣ እቤቷ ድረስ ደረጃውን ሲወጣ፣ በር ላይ ቆማ ሳቋን መያዝ አቃታት።

«ይኼ ሙሽራ ነው ወይስ ውሻ?» አለችው።

«እማ፣ ለአራት ቀን ብቻ ነው» አለ ንብረት እያለከለከ። «ቆጵሮስ ልንሄድ ነው። ሾኮን ለማን እንስጠው? ካንቺ ሌላ የምናምነው የለም።»

ይቺ «ካንቺ ሌላ የምናምነው የለም» የምትል ቃል ልቧ ውስጥ ገብታ ቁጭ አለች። እሱ ውሻውን አስረክቦ፣ ጉንጯን ስሞ ከወረደ በኋላም ወጥ እያማሰለች ለራሷ ደገመቻት።

ንብረት አንድያ ልጇ ነው። አባቱ ቢራራ ሱዳን ውስጥ፣ በስደተኞች ሰፈር፣ በተቅማጥ ሞቶ እዚያው አሸዋ ውስጥ ቀርቷል። እናትና ልጅ እዚህ አገር ሲገቡ ልጁ ገና ድክ ድክ የሚል ነበር። ትምህርት ቤት ሲገባ አስተማሪዋ «ንብረት ለልጆች አፍ አይመችም» ብላ ኡሪኤል አለችው። ጓደኞቹም፣ ሠራዊቱም፣ በኋላም ሚስቱ ዳፍና ኡሪኤል እንዳሉት ቀሩ፤ ንብረት የእናቱ ቤት ስም ብቻ ሆነ። አሁን ክርያት ቫይዝማን ሳይንስ ፓርክ ካሉት የመስታወት ሕንፃዎች በአንዱ የኮምፒውተር ሥራ ይሠራል፤ የሚኖረው ጎረቤት ከተማ ነስ ጽዮና ነው። አመለወርቅም እነዚያኑ ሕንፃዎች ስታጸዳ ኖራ ነው ጡረታ የወጣች። እሱ እዚያ ሲቀጠር እሷ ወጥታ ነበር። በዚህ ሁለቱም ደስ ብሏቸዋል፣ በየራሳቸው ምክንያት።

የልጅ ልጇ ኤሊያና ዘንድሮ አሥራ ሁለት ዓመት ሞልቷታል። ሴት ልጅ አሥራ ሁለት ስትሞላ የሚደገሰው ባት ሚትዝቫ የቤተሰቡ ከቆጵሮስ መመለስ ተጠብቆ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ፣ ክርያት ሞሼ ባለው፣ ሞአዶን በሚሉት የሰፈሩ መሰብሰቢያ አዳራሽ እንዲሆን ተቆርጧል። አመለወርቅ ለአሽዶዱም ለገደራውም ዘመድ ነግራለች። ታላቅ ወንድሟ መኩሪያ ሊመርቅ ነው። ለራሷም ቀሚስ ገዝታ፣ ወገቡ ሰፍቷት፣ እንዲያጠብላት ለልብስ ሰፊው ለኒሲም ሰጥታለች።

ሾኮ በዚህ አገር ልጆች የሚጠጡት ቸኮሌት የገባበት ወተት ነው። ውሻው ግን እሳት ላይ እንደተጣደ ወተት ነበር፤ ዞር ካሉበት ይገነፍላል። ደረጃ ላይ ኮቴ ሲሰማ ይዘላል። ቧንቧ ሲከፈት ይዘላል። አመለወርቅ ተኝታ ስትገላበጥ እንኳ ተነሣችልኝ ብሎ ደረቷ ላይ ይወጣል። ክፋት የሚባል የለውም፤ የሚያሳብደው ደስታ ብቻ ነው። በመጣ ማግስት ሐሙስ ለጥቂት ጊዜ ቤት ዘግታበት ወጥታ ስትመለስ፣ የታችኛው ፎቅ ጎረቤቷ ሚሪ ደረጃው ላይ ቆማ ጠበቀቻት።

«ያለቀሰው ለቅሶ» አለቻት ሚሪ፣ «ሰው የሞተብን መስሎኝ ወጣሁ። ሁለተኛ ስትወጪ ይዘሽው ሂጂ፣ በእናትሽ።»

ዓርብ ጧት ደግሞ ብትነሣ የምግብ ከረጢቱ ወጥ ቤቱ መካከል ተዘርግቶ፣ ባዶውን ሆኖ አገኘችው። ሾኮ ከጎኑ ተኝቶ ሆዱ ተነፍቷል፤ ስታየው ጭራውን መሬት ላይ መታ መታ አደረገ።

«ጎሽ» አለችው። «ቆጵሮስ ላሉት ጌቶችህ ምን ብዬ ልንገር?»

ሰንበት ሳይገባ ሦስት ጉዳይ መጨረስ ነበረባት፤ የደም ግፊት ክኒኗ፣ ቀሚሷ፣ የውሻው ምግብ። የገበያ ጋሪዋን በግራ እጇ፣ የውሻውን ገመድ በቀኟ ይዛ ወጣች። ይዛ ነው የሚባለው እንዲያው ለወጉ ነው እንጂ የተያዘች እሷ ነበረች። ገና ከደረጃው ሲወርዱ ሾኮ ጎተታት፣ ጋሪው ተንኳኳ፣ ሻሿ ከራሷ ተንሸራተተ። አግዳሚው ላይ የተቀመጡት የሰፈር ሽማግሌዎች እግራቸውን ሰበሰቡ።

«አመለወርቅ፣ ማን ነው ማንን የሚመራው?» አላት አንዱ።

«እሱ ጉዳይ አለው፤ እኔ አጃቢ ነኝ» አለች ሳትቆም።

መድኃኒት ቤቱ ውሻ አያስገባም። ደጅ ካለው ምሰሶ አስራው ገባች። ከዓይኑ እንደጠፋች ውሻው አንገቱን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ያላዝን ጀመር። የዓርብ ሰልፍ ረጅም ነው፤ ሰዉ መጀመሪያ ተሳሳቀ፣ ቀጥሎ ተቁነጠነጠ፣ በመጨረሻ አንድ አዛውንት ዞር ብለው «ሴትዮ፣ ቀድመሽ ጨርሺና ገላግይን» አሏት። ሰልፉ ሁሉ ተራውን ለቀቀላት። ክኒኗን ይዛ ስትወጣ ሾኮ ከሞት እንደተነሣች ሁሉ ዘሎ ተጠመጠመባት።

ከገበያው ጀርባ ባለችው ጠባብ ሱቅ ኒሲም ቀሚሱን ተኩሶ፣ በላስቲክ ሸፍኖ አቆይቶላት ነበር። ውሻው የኒሲም ሆድ ላይ እግሩን ሰቅሎ ሊልሰው ሲታገል፣ ሰውየው በአንድ እጁ እየተከላከለ በሌላው ቀሚሱን ከፍ አድርጎ ያዘላት።

«ድግሱ መቼ ነው?» አላት።

«ሐሙስ። ሞአዶን።»

«በጤና ልበሺው። ይኼ የማነው?»

«የልጄ። ቆጵሮስ ሄደው ነው።» ባዶውን የምግብ ከረጢት ከጋሪው አውጥታ አሳየችው። «ይኼን የሚሸጡት የት ነው? ሌላ ከበላ ሆዱ ይታመማል ብለውኛል።»

ኒሲም መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ ከረጢቱ ላይ የተለጠፈችውን የሱቅ ምልክት አነበበ። «ከባቡር ጣቢያው ወዲያ ነው፣ ሳይንስ ፓርኩ አጠገብ። ሩቅ ነው እኮ፣ አመለወርቅ። በእግር?»

«ከሱዳን አይርቅም» አለችው፤ ተሳሳቁ።

መንገድ ከመጀመሯ በፊት ምናልባት የቅርቡ ሱቅ ያለው ዓይነት ይሆነዋል እንደሆን ልትጠይቅ ለንብረት ደወለች። አላነሣም። ጥቂት ቆይቶ ድምፁን ቀድቶ ላከላት፤ «እማ፣ አሁን መናገር አይመቸኝም፣ ከባሕሩ ጋ ነን። ቆይቼ እደውላለሁ። ሻባት ሻሎም።» በሰንበት ሰላምታ ከዘጋው ድምፁ ኋላ ሙዚቃና የልጆች ጫጫታ ይሰማል። ይረፉ እንግዲህ፣ ልጄ ሳምንቱን ሙሉ ሲለፋ ይከርማል ብላ ስልኩን ወደ ቦርሳዋ መለሰች። «ሰማህ?» አለችው ውሻውን፤ «ባሕር ውስጥ ናቸው፤ እኔና አንተ ነን የምንዞር።»

ባቡር ጣቢያው አጠገብ ሲደርሱ ለሰንበት ወደየቤታቸው የሚመለሱ ወታደሮች ጓዛቸውን አዝለው ይፈስሳሉ። ሾኮ እያንዳንዳቸውን እንደ ወንድሙ ተቀበለ። አንዷ ወታደር ተንበርክካ አቀፈችው፣ ሌላው ጆሮውን አሸለት፣ አንዲት ሴትዮ ሕፃኗን አቁማ አሳየችው። «ስሙ ማነው? ያንቺ ነው? እንዴት ያምራል» ይሏታል አመለወርቅን። በዚህ ከተማ አርባ ዓመት ስትመላለስ የማታውቀው ሰው እንዲህ ፊቱን አብርቶ አናግሯት አያውቅም። እጇን ገመዱ ልጦት እየነደዳት፣ «የልጄ ነው፣ የልጄ ነው» እያለች ስትመልስ ቆየች። ውሻ ማርባት ለዚህ ነው ለካ ብላም አሰበች።

ሱቁን አገኘችው። ምግቡን ገዝታ፣ ሻጩ ከረጢቱን ጋሪዋ ላይ አደላድሎላት ወጣች። ቀሚሷን እንዳይጨማደድ ከላይ አጋደመችው። ፊቷን ወደ ቤት እንዳዞረች ሾኮ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጆሮው ተነሣ። ከመንገዱ ማዶ፣ ከዛፎቹ ኋላ፣ አንዲት ልጅ በድምፅ ማጉያ የሆነ ነገር ትናገራለች፤ ሰው ይስቃል፣ ያጨበጭባል። ውሻው አንዴ ተንዘፈዘፈና ገመዱን ከእጇ መንጭቆ ሄደ።

«አንተ» አለች አመለወርቅ፤ የሚሰማት አልነበረም። መኪና እያየች፣ ጋሪዋን እየጎተተች ተሻገረች። ግቢው የምግብ ቤት ግቢ ነው። በሩ ላይ በአበባ የተከበበ ሰሌዳ ቆሟል። ዕብራይስጥ የምታነበው ፊደል እየለቀመች ነው፤ ኤ፣ ሊ፣ ያ፣ ና ይላል። ይኼ ስም ዛሬ ዛሬ በየቤቱ አለ፤ የሌላ ሰው ልጅ ናት አለች በልቧ። ያስፈራት በሰው ድግስ ላይ ውሻ መልቀቋ ብቻ ነበር። ጋሪዋን በሩ ላይ ትታ ይቅርታ የምትልበትን ቃል እያዘጋጀች ገባች።

መጀመሪያ ያየችው ራሷን ነው።

ከጠረጴዛዎቹ ማዶ ትልቅ ነጭ መጋረጃ ተወጥሮ ምስል ይታይበታል። ምስሉ ላይ ያለችው አመለወርቅ ናት፤ ያኔ አዲስ ገቢዎች ሰፈር ሳሉ የተነሣችው፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ሕፃኑን ንብረትን ጭኗ ላይ አስቀምጣ። ዳፍና በፋሲካ «ቅጂ ላሠራለት» ብላ የወሰደችው ፎቶ ነው። ከሥሩ በትልቁ «ሥሮቻችን» የሚል ተጽፏል። ጀርባዋን የሰጠቻት አንዲት እንግዳ ወደ አጠገቧ ሰው ጎንበስ ብላ «እንዴት ያለች ውብ ናት፣ ዓይኗን እይው» አለች። የፎቶዋ ባለቤት ከኋላዋ አቧራ በለበሰ ጫማ ቆማለች።

ከዚያ ምስሉ ተለወጠ፤ የዳፍና አባትና እናት በወጣትነታቸው መጡ። እነሱ ራሳቸው ደግሞ ከፊተኛው ጠረጴዛ ተቀምጠዋል፤ የዳፍና እናት ጋልያ አበባ ያለበት ቀሚስ ለብሳለች። አመለወርቅ ዓይኗን ወሰድ መለስ ስታደርግ ዳፍናን አየች። ኤሊያናን አየች፤ ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ፀጉሯን በአበባ ተሠርታ፣ ሾኮ በጭቃ እግሩ ደረቷ ላይ ወጥቶ ፊቷን ሲልሳት በሳቅ ትንፈራፈራለች። ብርጭቆ ወደቀ። ልጆች ጮኹ። ከእንግዳው ሁሉ መካከል እንደ እሷ ጥቁር የነበሩት ንብረትና ልጁ ብቻ ነበሩ።

አንድ መነጽር ያደረገ ረጅም ሰው ፈገግ ብሎ ወደ እሷ መጣ። ንብረት ከኋላው፣ ክንዱን ቢዘረጋ ከሚነካት ቦታ ላይ ቆሟል።

«ውሻውን የምትጠብቂው አንቺ ነሽ?» አላት ሰውየው በትሕትና። «በጣም እናመሰግናለን። እባክሽ ቶሎ አውጪልን፤ ልጆቹ ፈሩ።»

ድምፁ ውስጥ ክፋት አልነበረም። አመለወርቅ አልመለሰችለትም፤ በትከሻው ላይ አሻግራ ልጇን አየችው። ንብረትም አያት። ሰምቷል። አንድ ቃል ትበቃ ነበር፤ በዕብራይስጥ ኢማ ቢል፣ በአማርኛ እናቴ ቢል ያው ነው። ጠበቀችው። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ዓይኑን ሰበረና አጠገቡ ያለውን የጠረጴዛ ልብስ ጫፍ ማስተካከል ያዘ። ልብሱ ግን የተስተካከለ ነበር።

«ሳቭታ» አለች ኤሊያና። አያቷን የምትጠራት እንዲህ ነው። ውሻውን በአንገቱ ይዛ፣ ግራ ተጋብታ ቀረበች። «ሳቭታ፣ ያንቺ እኮ ሐሙስ ነው። የዛሬው የነሱ ነው።»

መነጽር ያደረገው ሰውዬ አንዴ አመለወርቅን፣ አንዴ ንብረትን አየ፤ ፊቱ እንደ ፍም ቀላ። «ይቅርታ» አለ፣ «አላወቅሁም፣ ኡሪኤል አልነገረኝም…» ዳፍና እየተቻኮለች መጣች። «አመለወርቅ፣ እንኳን መጣሽ፣ ነይ ተቀመጪ፣ ልናስረዳሽ ነበር» ትላለች፤ ትንፋሿ ይቆራረጣል። ጋልያም ከጎኗ ካለው ወንበር ላይ ቦርሳዋን አነሣች።

ያ ከወንበር ላይ የተነሣ ቦርሳ ከሁሉ ይልቅ አንገበገባት። የሷ ቦታ የቦርሳ ቦታ ነበር።

አልተቀመጠችም። ገመዱን ከመሬት አንሥታ ወደ ልጇ ሄደችና መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈችለት፣ ልጅ እያለ የቤት ቁልፍ አደራ ስትሰጠው እንደምታደርገው።

«ቆጵሮስ ቅርብ ነው ለካ» አለችው በአማርኛ፣ ቀስ ብላ።

ኤሊያናን ግንባሯን ሳመቻት። ለእንግዶቹ በዕብራይስጥ «ሻባት ሻሎም» ብላ ወጣች። ከኋላዋ ውሻው ሲጮኽ፣ ሲጎትት፣ ሊከተላት ሲታገል ሰማች። ሌላ የተከተላት አልነበረም።

የውሻውን ምግብ ከሰሌዳው ሥር አስቀምጣላቸው ጋሪዋን እየጎተተች ተመለሰች። ባቡር ጣቢያው ጋ ወታደሮቹ አሁንም ይፈስሳሉ። ቅድም ያቀፏቸው የመሰሉት ፊቶች አሁን እንደ ምሰሶ እየዞሯት ያልፋሉ፤ ውሻ የሌላትን አመለወርቅን ዞር ብሎ ያያት የለም። እሷም መንገዱን አታይም። አንድ ነገር ብቻ ነው በአእምሮዋ የሚመላለስ። ውሻው እንግዳ ሲያይ ያብዳል፤ ስለዚህ ከድግሱ አርቀው አስቀመጡት። ለካ ያሳፍረናል ያሉትን ሁለቱንም ነው አንድ ቤት የዘጉባቸው። እሷ ውሻውን የምትጠብቅ መስሏት ነበር።

ፀሐይ ሊያዘቀዝቅ ሲል ንብረት ብቻውን መጣ። በላስቲክ ዕቃ የተሞላ ምግብ ይዟል። የድግሱን ነጭ ሸሚዝ አልለወጠም፤ እጅጌው ላይ የውሻው እግር ምልክት አለ። ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ቆመ።

«ተቀመጥ» አለችው።

«እማ፣ እንደምታስቢው አይደለም።»

«እንዴት ነው ታዲያ?»

«የዳፍና ዘመዶችና የሥራ ሰዎች ናቸው። ማንንም አታውቂም፣ ሁሉም ቶሎ ቶሎ በዕብራይስጥ ነው የሚያወራው። ጥግ ላይ ብቻሽን ቁጭ ብለሽ ከማይሽ ብዬ ነው። ሐሙስ ያንቺ ሰዎች አሉ፣ ዘፈኑም ያንቺ ነው፣ እዚያ ደስ ይላታል አልን።»

«አልን የምትለው እነማን ናችሁ?»

ንብረት የዕቃውን ክዳን ይነካካ ጀመር።

«ብቻዬን መቀመጥ ለኔ አዲስ ነው እንዴ፣ ንብረት? አንተ ትምህርት ቤት ሳለህ የወላጅ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ጥግ ላይ ብቻዬን ነው የተቀመጥኩ። ያኔ ቋንቋውንም አላውቅም ነበር። ለምን መጣሽ አላልከኝም፤ እንዲያውም ከበር ላይ ትጠብቀኝ ነበር።»

«ልጅ ነበርኩ።»

«ልክ ነህ» አለች። «ልጅ ነበርክ።»

ከሥር ሚሪ ቤት የሰንበት ዶሮ ሽታ ይመጣል። ንብረት እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወለሉን ያያል።

«ቆጵሮስን ለምን ፈጠራችሁት?»

«እንዳትጠይቂ ብለን ነው። እንዳይከፋሽ።»

«ፎቶዬንስ?»

«ኤሊያና ናት የመረጠችው። ሥሮች ለሚባል የትምህርት ቤት ሥራ። ሰው ሁሉ ወደደው፣ እማ።»

«ይወዱታላ። ፎቶ አያወራም፣ ወንበር አይዝም።» ተነሥታ መስኮቱን ዘጋች፤ ተመልሳ ከፊቱ ተቀመጠች። «ያ ሰውዬ ሲጠይቀኝ ሰምተሃል።»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«አሎን ይባላል። አለቃዬ ነው። ደነገጥኩ፣ አፌ ተያዘ። ሥራ ቤት ስለ ቤተሰብ አውርቼ አላውቅም። ድንገት እዚያ ቆመሽ፣ ያን ሻሽ አስረሽ፣ ላብ አጥምቆሽ…» ቀሪውን ዋጠው፤ ግን የወጣው ወጥቷል።

አመለወርቅ ሻሿን ነካ አደረገች። ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር።

«ሱዳን አባትህን በቀበርኩ ማግስት ሁለት ሴቶች መጡብኝ። ትኩሳት ይዞህ ነበር። ይኼ ልጅ አይተርፍልሽም፣ ለኛ ተይውና አንቺ ከሰዎችሽ ጋር ሂጂ አሉኝ። የማላውቀው አገር ነው፣ የሚያግዘኝ ሰው የለም፣ እኔ ራሴ ልጅ ነኝ። የኔ ነው አልኳቸው። ሌላ የምናገረው አልነበረኝም፤ የኔ ነው ብቻ። ዛሬ ያችን ቃል ነው አንተ ያጣሃት። የኔ ናት ማለት።»

ንብረት ፊቱን በእጁ ሸፈነ። አንድ እጁን ወደ እሷ ዘረጋ፤ አልገፋችውም፤ አልያዘችውምም።

«ሂድ አሁን» አለችው። «ሰንበት ሊገባ ነው። ልጅህም ትጠብቅሃለች።»

«ሐሙስ ትመጫለሽ?»

«ሂድ፣ ልጄ።»

ያመጣውን ምግብ ሳትከፍተው እሑድ ጣለችው።

ማክሰኞ ኤሊያና ደወለችላት። እያለቀሰች ነበር። ሾኮን ለአንድ የገጠር ቤተሰብ ሰጥተውታል፤ እናቷ ከእንግዲህ አልችለውም፣ በሰው ፊት አዋረደን ብላለች። «ሰፊ ግቢ አለው ይላሉ» አለች ልጅቷ እየተነፋነፈች። «እኔ ግን አላየሁትም። ሳቭታ፣ ገመዱን ጠበቅ አድርገሽ ይዘሽው ቢሆን ኖሮ ይኼ ሁሉ አይመጣም ነበር።»

አመለወርቅ መዳፏን አየች። ገመዱ የላጠው ቦታ ደርቆ ቅርፊት አውጥቷል።

«ልክ ነሽ የኔ እመቤት» አለቻት። «አጥብቄ መያዝ ነበረብኝ።»

ውሻው አንድ ቀን ይመጣል ብላ ጠብቃ ነበርና ቤቱ ጭር አለባት። ደረጃ ላይ ኮቴ ስትሰማ የሚዘል የለም። በዚያ ግቢ እሷን በማየቱ ያላፈረ እሱ ብቻ ነበር፤ እሱንም አባረሩት።

ሐሙስ ጧት አልሄድም አለች። ቀሚሱን ከላስቲኩ ሳታወጣ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ከቀትር በኋላ ግን የአሽዶዱ ዘመድ መንገድ መጀመሩን ደወለ፤ የገደራዎቹ ደርሰናል አሉ፤ መኩሪያ በከዘራው እየተደገፈ በሩን አንኳኳ። «ገና አልለበስሽም?» አላት። ምን ትበለው? ንብረት ካደኝ ብትል ነገሩ በአንድ ምሽት ከረሆቮት አሽዶድ ይደርሳል። ልጅ ያሳደገችበት ዕድሜ ሁሉ የሰው ወሬ ይሆናል። ልጅቷስ ምን አጠፋች? ሆድ ይፍጀው ብላ ቀሚሱን አወጣች። ኒሲም ልክ አድርጎ ሰፍቶታል፤ ወገቧ ላይ ቁጭ አለ።

አዳራሹ ሞላ። ዳፍና ለዕለቱ የተገዛ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ በየጠረጴዛው እየዞረች ሰላም ትላለች፤ አመለወርቅን ሁለት ጊዜ አቅፋ ሳመቻት፣ ዓይኗን ግን አላገኘችውም። ከዳፍና ወገን የመጣ የለም። ጋልያን ጉንፋን ይዟታል ተባለ። ከሥራ ቤት የመጣም የለም። ከበሮው ተመታ፣ እስክስታው ወረደ፣ ኤሊያና በሴት ዘመዶቿ መካከል ትከሻዋን ልትሰብቅ ስትሞክር ሰው በሳቅ ፈረሰ።

ከዚያ ንብረት ድምፅ ማጉያውን ያዘ። በተሰባበረ አማርኛው፣ ወረቀት ሳይዝ፣ ላብ እያጠመቀው ተናገረ። «እኔ ዛሬ የሆንኩት ሁሉ በእናቴ ነው» አለ። «በጀርባዋ አዝላኝ በረሃ አቋርጣለች። የሰው ወለል አጽድታ አስተምራኛለች። ይቺ እናቴ ናት። የኔ ናት።» የመጨረሻዋን ቃል ሲል ድምፁ ተሰበረ፤ ወደ እሷ አየ። ሴቶቹ እልል አሉ። አንዳንዶቹ በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። አጠገቧ የተቀመጠች ዘመድ በክርኗ ጎሰም አድርጋ «ታድለሽ» አለቻት።

አመለወርቅ ወግ ነውና ተነሥታ አቀፈችው። ልቡ ሲመታ ደረቷ ላይ ተሰማት። ቃሏን እንደሰጣት ታውቃለች፤ አስቦ፣ ተጨንቆ፣ አጥንቶ ነው ያመጣት። የተናገራት ግን አመለወርቅ የማን እናት እንደሆነች ድሮም በሚያውቁ ሰዎች ፊት ነው። ይኼን ለማንም መንገር አይቻልም። እሱም ከእቅፏ ሲወጣ ሸክም የወረደለት መሰለ፤ ፈገግ አለ፤ ተመልሶ ከዘመዶቹ ልጆች ጋር ይጨፍር ጀመር።

መኩሪያ ለምርቃት ሲነሣ አዳራሹ ፀጥ አለ። ልጅቷን መረቀ፤ አገሩን መረቀ፤ የሞቱትን፣ በመንገድ የቀሩትን አሰበ። በመጨረሻ ከዘራውን ወደ ንብረት ዘርግቶ፣ «እናቱን እንዲህ በአደባባይ የሚያከብር ልጅ ለሁላችንም ይስጠን» አለ።

«አሜን» አለ ሕዝቡ።

አመለወርቅም እጇን ዘርግታ፣ ከሁሉ ጋር፣ አሜን አለች።